መልስ፦ የሚተጣጠፍ የካርቶን ጎራዴ

ለልጅሽ የባህር ወንበዴ ልደት የሠራሽው ጎራዴ መሀሉ ላይ የሚታጠፈው በአቆራረጡ ነው። ካርቶኑን በጎኑ ስታዪው ትንንሽ ቱቦ የሚመስሉ ክፍተቶች አሉት። እነሱ ከእጀታው ወደ ጫፉ መሄድ አለባቸው፤ አግድም ከሆኑ ኮላ ብትደራርቢም ይታጠፋል።

1. በዚህ አቅጣጫ ሦስት እኩል ጎራዴ ቁረጪ።
2. ኮላውን በስሱ ቀብተሽ ደርቢያቸው፤ ከባድ መጽሐፍ ተጭኖበት ይደር። ውሃ የበዛበት ኮላ ያጣምመዋል።
3. ስለቱን ፎይል አልብሺው። ውስጡ ብርማ የሆነ የብስኩት ማሸጊያም ይሆናል፤ እንዲያውም እሱ ይበልጥ ያብረቀርቃል።

ጫፉን ግን ክብ አድርጊው። ልጆች ጎራዴ ከያዙ መፋለማቸው አይቀርም፤ ሦስት ድርብ ካርቶን ደግሞ ጠንካራ ነው። ሲፋለሙ የዓይን መሸፈኛውን አውልቂላቸው፤ በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ስለሚከብድ ፊት ለፊት ይላተማሉ።