«ብርሽን ለልጄ ሠርግ አውዬዋለሁ»

ጥያቄ

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ደሴ ሆጤ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ነበር። ኪራዩ በወር 4,000 ብር ነው። ስገባ 8,000 ብር ዲፖዚት አስያዝኩ። ውል በወረቀት አልጻፍንም። ደላላው ባለበት ተነጋግረን ብሩን በቴሌብር ላክሁላቸው። በኋላ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ። ከወር በፊት ነግሬያቸው፣ ኪራዬን ጨርሼ ከፍዬ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። አከራዬ መጀመሪያ «ብርሽን ለልጄ ሠርግ አውዬዋለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብለው በስልክ ጻፉልኝ። ታግሼ ስደውል ደግሞ «ግድግዳውን አበላሽተሽ ነው የወጣሽው፤ የምመልሰው የለም» አሉኝ። ግድግዳው እኮ ስገባም እርጥበት ነበረው። ለንደን ያለው ወንድሜ «እዚህ ቢሆን ሦስት እጥፍ ይከፍሉሽ ነበር» ይለኛል። እኔስ ምን ላድርግ? ጋሼ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መክሰሱም ከብዶኛል።

ተከራይዋ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ ያቺን የመጀመሪያዋን መልእክት እንዳታጠፊያት! ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሺ። ለምታምኚው ሰው ላኪና ወረቀት ላይም አሳትሚ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል።

ለምን መሰለሽ? ጋሼ በዚያች አንድ መስመር ብሩን መቀበላቸውንም፣ ብሩ ያንቺ መሆኑንም አምነዋል። «ታገሺኝ» የሚለው ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ያን ጊዜ ስለ ግድግዳ ምንም አላነሱም። ግድግዳው የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያለ ውል ተከራይቶ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ አላየሁም። አብዛኛው ይዞ የሚመጣው እንባውንና ደላላውን ነው።

የወንድምሽ ወሬ እውነት ነው፤ ትንሽ ግን ላስተካክለው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ የዲፖዚት ጥበቃ ሕግ አለ። አከራዩ ዲፖዚቱን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ መንግሥት ዕውቅና በሰጠው የጥበቃ ተቋም ማስመዝገብ አለበት። ካላደረገ ተከራዩ ከሶ ከዲፖዚቱ 1 እጥፍ እስከ 3 እጥፍ ሊያስፈርድበት ይችላል። ሦስት እጥፍ ጣሪያው ነው፤ ለሁሉም አይፈረድም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ተቋም የለም። ዲፖዚትሽ የሚቀመጠው አከራይሽ ኪስ ውስጥ ነው። እጥፉን እርሺውና ዋናውን እናስመልስ።

መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪያቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ላይ፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ሌላውን ወገን እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል። ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ለተከበሩ ጋሼ እገሌ። ሆጤ ያለውን ቤትዎን ስከራይ በቴሌብር የላክሁልዎትን 8,000 ብር ዲፖዚት፣ ቤቱን ባስረክብም አልመለሱልኝም። ለልጅዎ ሠርግ እንዳዋሉት በስልክ ጽፈውልኛል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ወደ ሕግ ለመሄድ እገደዳለሁ።»

ሁለት ቅጂ አድርጊው። ሁለት ሰው ባለበት ስጪያቸውና ባንቺ ቅጂ ላይ አስፈርሚ። አልፈርምም ካሉ የነበሩት ሰዎች ይፈርሙ። ይህ ስድብ አይደለም፣ ልጄ። አክብሮትሽ እዚያው አለ፤ «እርስዎ» እያልሽ ነው የጻፍሽው።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ክስ ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለቀው ልብስ እንኳ ቤት ውስጥ አይደርቅም፤ ቀለም ቢላጥ ምን ይገርማል? ተከራይ የሚጠየቀው ራሱ ላበላሸው ነገር ነው እንጂ በወጉ ሲኖርበት ላረጀው አይደለም። ግን በወሬ ብቻ አትመኚ። ስልክሽን በርብሪ። እንደገባሽ ሰሞን ቡና ስታፈዪ ወይም ለበዓል ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶ አይጠፋም። ከጀርባሽ ግድግዳው አለ፤ ስልኩም ቀኑን መዝግቦታል።

ማስጠንቀቂያው ከደረሳቸው በኋላ ሽማግሌ ላኪ። ለ8,000 ብር አባጋር፣ ትልቅ ጠብ የሚያስታርቀው የወሎ ሽማግሌ፣ አይጠራም፤ የእድራቸው ዳኛና አንድ የሚያፍሩት ጎረቤት ይበቃሉ። ደላላውም ይምጣ፣ ስንት እንደተቀበሉ ይናገር። ብሩ የለኝም ካሉ በሁለት በሦስት ከፍለው እንዲሰጡሽ ተስማሚ። የሚከፍሉበት ቀንና መጠኑ ይጻፍ፤ እሳቸውም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት። ያልከፈልሽው የውሃ ወይም የመብራት ሂሳብ ካለ ደረሰኙን አይተሽ ይቀነስ፤ ያ ሐቃቸው ነው። «ግማሹን ማሪያቸው» የሚል ሽማግሌ ግን አይጠፋም። እኔ አንቺን ብሆን አልምርም። ሠርጉን አልበላሁማ!

በዚህም ካልሆነ ክሱ የሚቀርበው እሳቸው ባሉበት፣ ደሴ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የቴሌብሩን መልእክት፣ ከ127 የመጣውን፣ አያይዢ። የሠርጉን መልእክት፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂና ፎቶውንም ጨምሪ። ደላላውን በምስክርነት ጥቀሺ። የዳኝነት ክፍያ አለ። ከረታሽ ወጪና ኪሳራ ይተካልኝ ብለሽ አብረሽ ጠይቂ። ክፍያው ከአቅምሽ በላይ ከሆነ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ትችያለሽ። አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ቀጠሮ በተቀጠረ ቁጥር ከሥራ ቀርተሽ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። ሽምግልናውን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው እንጂ ክሱ ደካማ ስለሆነ አይደለም።

አንድ ነገር አታድርጊ። አንዳንዱ ሰው ተናዶ ሄዶ በር ይቆልፋል፣ ዕቃ ያነሳል። ያኔ ከሳሽ መሆንሽ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

አሁን ኮምቦልቻ የገባሽበትን ቤትስ በውል ነው የተከራየሽው? ካልሆነ ዛሬ ማታ አከራዮችሽን አነጋግሪ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው፤ ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩ ሄደሽ የቤቶችን ክፍል ጠይቂ። ምዝገባው ኖረም አልኖረም፣ ውሉ ላይ ይህቺን አስገቢ፦ «ተከራይ ቁልፍ ባስረከበች በ10 ቀን ውስጥ አከራይ ዲፖዚቱን ይመልሳል፤ የሚቀነስ ካለ በደረሰኝ ያሳያል።» ብሩን በቴሌብር ስትልኪም ማስታወሻው ላይ «ዲፖዚት» ብለሽ ጻፊ፤ ኋላ «ኪራይ ነበር» እንዳይሉሽ።