ከርነል ይዋቀራል ወይስ ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ለተለያዩ ማሽኖች ስለማዘጋጀት በአማርኛ መመሪያ እየጻፍኩ ነው። «የሥርዓተ ክወናውን ከርነል ለተለያዩ የፕሮሰሰር ቤተሰቦችና ቦርዶች ማዋቀር» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ነበር። ከርነል የምለው ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘውን የሥርዓተ ክወናውን መሐል ክፍል ነው። አንድ ባልደረባዬ «ማዋቀር የኮሚቴ ቃል ነው፤ ማስተካከል በል» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ኮንፊገር ማድረግ ካላልክ ማንም አይገባውም» ትላለች። «ቤተሰብ» ለማሽን ሲባልም ይጎረብጠኛል። የቱን ልጻፍ?

መልስ፦ «ማዋቀር» ይበሉ። ባልደረባዎ ያነሡት ነጥብ ግን በአንድ ቃል የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ ግሶች እየተደበላለቁ ሲጻፉ ማየት ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ከሥሩ እንነሣ። ግንዱ ወቀረ ነው። በግእዝ ድንጋይ ጠረበ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። በአማርኛም የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ በመዶሻ እየነኩ ማሻከር መውቀር ይባላል። ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ሕንፃም ውቅር ነው። እስካሁን መገጣጠም የሚባል ነገር የለም። ያለው አንድ ድንጋይና አንድ መሣሪያ ነው።

አሁን በአዕማድ ያርቡት። አድራጊ ወቀረ፣ ተደራጊ ተወቀረ፣ አስደራጊ አስወቀረ፣ ተደራራጊ ተዋቀረ፣ አደራራጊ አዋቀረ። «ወ» ራብዕ ሆና «ዋ» ስትባል ትርጉሙ አብሮ ዞረ። ተደራራጊና አደራራጊ «አንዱ ከሌላው ጋር» የሚል ስሜት ያመጣሉ። ገጠመ ብለን ተጋጠመ፣ አጋጠመ እንደምንለው ማለት ነው። አቀናጀ፣ አቀናበረ፣ አጠናቀረ የሚሉትም በዚሁ ቅርጽ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ አዋቀረ ማለት ብዙ ክፍሎችን አንዱ ለሌላው እንዲሆን አድርጎ አያያዘ ማለት ነው። ከመፈልፈል ወደ ማያያዝ የተሻገረው በእንጨት ሥራ በኩል ይመስለኛል። አንዱ እንጨት ከሌላው ጋር እንዲገጥም ጫፉ መጠረብ አለበትና።

ባልደረባዎን የሚደግፍ ወገን እንዳለ አውቃለሁ። «ማዋቀር የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ መምሪያና ኮሚቴ ነው የሚዋቀረው፤ ለቴክኒክ ሥራ አይሆንም» ይላል። አልስማማም። መሥሪያ ቤት ቃሉን ተዋሰው እንጂ አልፈጠረውም። መዋቅር ከድርጅት በፊት የቤት ነበር። አንድ ቃል ለአንድ ዘርፍ ስለዋለ ብቻ ለሌላው ይዘጋ ከተባለ የምንጽፍበት ቃል አይተርፈንም።

ከሥርወ ቃሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ግን ሥራው ራሱ ነው። ከርነሉ ላይ በትክክል ምን እንደሚደረግ እንይ። የሊኑክስ ምንጭ ኮድ በሺዎች የሚቆጠሩ አማራጮች አሉት። እነዚህ ኬኮንፊግ በሚባሉ ፋይሎች ተዘርዝረዋል። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ብለው ሲያዙ ዝርዝሩ ይከፈታል። ብዙዎቹ አማራጮች ሦስት መልስ ይቀበላሉ። ከርነሉ ውስጥ ይግባ፣ ሞጁል (ሲያስፈልግ የሚጫን ክፍል) ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፣ ወይም ጭራሽ ይቅር። መልሶችዎ ነጥብ ኮንፊግ በሚባል ፋይል ይቀመጣሉ። ማጠናቀሩ፣ ማለትም ምንጭ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጡ፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ከርነልዎ ፍላሽ ዲስክ እንዲያነብ ይፈልጋሉ እንበል። አማራጩ የዩኤስቢ ማከማቻ ድጋፍ ነው። ስከዚ የሚባለውን የማከማቻ ሥርዓት አስቀድመው ካልመረጡ ግን ይህን አማራጭ መምረጥ አይችሉም። ስከዚን ሞጁል ካደረጉት ደግሞ የዩኤስቢ ማከማቻው ከሞጁል በላይ መሆን አይችልም። ከርነሉ ውስጥ ላስገባህ ቢሉት እሺ አይልም። ይሄም ሆኖ ፍላሹ እንደ ዲስክ እንዲታይ የስከዚ ዲስክ ድጋፍ የሚባል ሦስተኛ አማራጭ ያስፈልጋል። ሦስቱም እርስ በርስ ተያይዘዋል። አንዱን ሲነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል። አደራራጊው ግስ የሚለው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ለመመሪያዎ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ኬኮንፊግ ውስጥ ሁለት ዓይነት ትስስር አለ። «ዲፔንድስ ኦን» የሚለው፣ ሌላው ካልተመረጠ ይኼኛው አይገኝም ይላል። «ሴሌክት» የሚለው ተቃራኒ ነው። ይኼኛው ከተመረጠ ሌላውን በግድ አብሮ ያስመርጣል፤ የሚመረጠው አማራጭ የራሱ ቅድመ ሁኔታ ይሟላ አይሟላ አይጠይቅም። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ይፈልጋል» ብሎ ይተረጉማቸዋል። ያኔ አንባቢው የትኛው ማንን እንደሚጎትት አይለይም። የመጀመሪያውን «ይመረኮዛል»፣ ሁለተኛውን «ያስመርጣል» ይበሉ። አስደራጊው ግስ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ሳለ በማብራሪያ መድከም የለብንም።

ወደ ማስተካከል ልመለስ። እኩል፣ ተካከለ፣ አስተካከለ፣ ትክክል፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ ናቸው። ማስተካከል ማለት ያለን ነገር ከአንድ ልክ ጋር ማመጣጠን ነው። አስቀድሞ የቆመ ነገር ይፈልጋል። ከርነል ሲዋቀር ግን ገና አልተሠራም። ምን ይዞ እንደሚወለድ እየተወሰነ ነው። ይህ ማለት ግን ለማስተካከል ቦታ የለውም ማለት አይደለም። እየሠራ ያለ ከርነል ላይ አንዳንድ መጠኖች ይለወጣሉ። ከርነሉ የማስታወሻ ገጾችን ወደ ዲስክ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚቸኩል የሚወስነው «ስዋፒነስ» አንዱ ነው። መነሻው 60 ነው። እሱን ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ማስተካከል ነው፤ ማዋቀር ብለው ቢጽፉት እኔው ራሴ እቃወምዎታለሁ። ሁለት ሥራ ስላለ ሁለት ግስ ይኑረን። አንዱን በሌላው ስንተካ የምናጣው ይህን ልዩነት ነው።

«ቦርድ» ላይ ደግሞ ባልደረባዎ ያላነሡት እውነተኛ ችግር አለ። «ቦርዱ እንደ አዲስ ተዋቀረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለብቻው ቢሰጥዎ ምን ይረዳሉ? የሥራ አመራር ቦርድ ነው ትዝ የሚልዎ። ማዋቀርና ቦርድ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንባቢውን ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይወስዱታል። ስለዚህ «ሰሌዳ»ን እመርጣለሁ። ሰሌዳ በግእዝ የቆየ ቃል ነው፤ የሥርወ ቃል ሊቃውንት ከግሪኩ ሴሊስ ያመጡታል። ሴሊስ ገጽ፣ ዓምድ ማለት ነበር። ከገጽ ወደ መጻፊያ ጣውላ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ የቁልፍ ሰሌዳ ደርሷል። እስከ ኪቦርድ የመጣ ቃል ለማዘርቦርድ አያንስም። ባለሙያው ግን በቃ ቦርድ ለምዷል፣ ያን አልክድም። እንግዲያው መጀመሪያ ሲጠቅሱት «የኮምፒውተር ሰሌዳ ወይም ቦርድ» ብለው ያስተዋውቁትና በሰሌዳ ይቀጥሉ።

ከቃሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አንዱን ግስ ለፕሮሰሰርም ለሰሌዳም ማዋልዎ ነው። ሁለቱ ዛሬ በአንድ መንገድ አይሄዱም። የፕሮሰሰሩ ወገን የሚለየው አርች በሚባለው ማውጫ ነው። ኤክስ86፣ አርም፣ አርም64፣ ሪስክ ፋይቭ፣ ፓወርፒሲ፣ ሚፕስ፣ ኤስ390 እያለ ለየብቻ ተቀምጧል። ክፍፍሉ ለዘላለም የቆመ አይደለም። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ሁለት ማውጫ ነበራቸው፤ በ2.6.24 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኤክስ86 በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። ኢታኒየም የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጣው 6.7 ጭራሽ ከምንጩ ተነሣ።

ሰሌዳው ጋ ታሪኩ ሌላ ነው። አርም በሚባሉት ፕሮሰሰሮች ዓለም ድሮ ለየሰሌዳው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፋይል ነበር። የትኛው ቺፕ የት እንደተሰካ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ኮዱ ውስጥ ይጻፋል። ሰሌዳ በበዛ ቁጥር ኮዱም በዛ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በግልጽ አማረረ። መፍትሔው ፓወርፒሲ ላይ አስቀድሞ ይሠራበት የነበረው «ዲቫይስ ትሪ» ሆነ። ይህ ሰሌዳው ላይ ምን እንዳለ የሚዘረዝር፣ ከከርነሉ ተለይቶ የሚቀመጥ መግለጫ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉን የሚያስጀምረው ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩ፣ ለከርነሉ ያቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ከወጣው 3.7 ጀምሮ አንድ የአርም ከርነል የተለያዩ አምራቾችን ቺፖችና ሰሌዳዎች ማስነሣት ቻለ። አርም64 የተጨመረውም በዚሁ እትም ነው። ብዙዎቹ ኤክስ86 ማሽኖች ደግሞ ስለራሳቸው ለከርነሉ የሚነግሩት ኤሲፒአይ በሚባል ሠንጠረዥ ነው።

እንግዲህ ቋንቋው ሥራውን ይከተል። ከርነሉ ለፕሮሰሰሩ ወገን ይዋቀራል። ሰሌዳው ግን ይገለጻል። የሰሌዳውን ነጂዎች (ድራይቨሮች) መምረጥ የማዋቀሩ ክፍል መሆኑ አልቀረም፤ ሰሌዳውን ለከርነሉ ማሳወቅ ግን ለብቻው የቆመ ሥራ ሆኗል። በአንድ «ማዋቀር» ከደፈጠጧቸው አንባቢዎ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ከርነል ሊያጠናቅር ቁጭ ይላል። ያ ያለፈበት አሠራር ነው።

መስተዋድዱንም አይርሱ። የሚሠሩበት ማሽንና የሚሠሩለት ማሽን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። «በኤክስ86 ላይ ለአርም64 ማዋቀር» ሲሉ «በ» እና «ለ» ነገሩን ጨርሰውታል። ትእዛዙ ላይ አርች የሚለውን ተለዋዋጭ ሳይሰጡ ሜኑኮንፊግ ከከፈቱ የሚመጣልዎ የተቀመጡበት ማሽን ምርጫ ነው። መመሪያዎ «በአርም ማዋቀር» ብሎ ከጻፈ ይኸው ስሕተት በቋንቋው በኩል ይገባል።

«ቤተሰብ» ላይ ስሜትዎን እጋራለሁ። ቤተ ሰብእ ነው፤ የሰው ቤት። ሰብእ ሰው ነው፤ ሰብአዊ የምንለውም ከዚያው ነው። ሲሊከን ሰብእ የለውም። እኔ «ወገን» እላለሁ፤ እስካሁንም ስጽፍ የቆየሁት እሱን ነው። ነገር ግን የሙያዬ ሰዎች ራሳቸው «የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ» እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቋንቋም ሰው አይደለም። ይህን እያወቅሁ «ለማሽን አይባልም» ብል ማስረጃ አይኖረኝም፤ ያለኝ ምርጫ ብቻ ነው። «የፕሮሰሰር ቤተሰብ» ቢሉ ስሕተት አልልዎትም። ወገን ቢሉ ግን ደስ ይለኛል።

«ኮንፊገር ማድረግ» ለንግግር ይሁን፤ ሥራ ላይ ሰው እንደሚመቸው ያውራ። ለጽሑፍ ግን ቃሉ አይረባም። ከማዋቀር አዋቃሪ፣ ተዋቃሪ፣ አወቃቀር ይወጣሉ። ከ«ኮንፊገር ማድረግ» ምን ይወጣል? የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን ግን እንዳሉ ይተዉ፤ አንባቢው የሚተይባቸው ናቸው።

አሁን ወደማልወደው ነጥብ ደረስኩ። «ውቅር»። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ለኮንፊገሬሽን የዋለው ስም እሱ ነው። በሰዋስው ዓይን ውቅር የአድራጊው ልጅ ነው፤ ከወቀረ የወጣ፤ ተፈልፍሎ የተሠራ ማለት ነው፤ ምንም ያልተገጣጠመበት፣ አንድ ወጥ ዓለት። የአዋቀረ ስም «አወቃቀር» ነው መሆን የነበረበት። ይህን ብዙ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። ግን አጭር ነው፣ አፍ ላይ ይቀላል፣ ሰውም ተቀብሎታል። «የውቅር ፋይል» ብለው ይጻፉ፤ አንባቢው ይገባዋል።

«ከርነል» ራሱ በእንግሊዝኛ የእህል ፍሬ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ትንሽዬ ፍሬ እንደማለት። በሥርወ ቃል ብንሄድ «ፍሬ» ነው የሚቀርበው። እኔ ግን «አስኳል» ይስበኛል፤ መሐል መሆኑንና በሌላ መከበቡን በአንድ ላይ ይናገራል። አንባቢዎ ሲፈልግ የሚተይበው ቃል ግን ከርነል ነው። አንድ ጊዜ አስኳል ብለው ያስተዋውቁት፣ ቀሪውን በከርነል ይሂዱ።

ርዕስዎን እንዲህ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፦ «የሥርዓተ ክወናን ከርነል ለተለያዩ የፕሮሰሰር ወገኖች ማዋቀርና ሰሌዳዎችን መግለጽ»። «ሥርዓት»ን በንጉሡ «ሥ» ስለጻፉት አመሰግናለሁ። «ክወና» ላይ ደግሞ አንዳንዶች «ክዋኔ» ይሉታል፤ ሁለቱም ከኮነ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ክወና» ስለጸና እሱኑ ይያዙ።