ሳንቶሪኒ ላይ የቤተሰብ ወይን ጠጅ ቤት መጎብኘት፤ ለጠየቅሽው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ኦገስት ላይ ከባለቤትሽና ከአዲስ አበባ ከሚመጡት እናትሽ ጋር ወደ ግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ልትሄዱ ነው። ከአራቱ ቀን አንዱን በቤተሰብ የሚተዳደር ወይን ጠጅ ቤት ማየት ፈልገሻል። ግን እናትሽ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ አልኮልም አይቀምሱም። እሳቸውን ይዞ መሄድ ይሆናል ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ የምኖረው አቴንስ ነው። ደሴቲቱን በሥራም በዕረፍትም አውቃታለሁ። ይሆናል፣ ያውም በደንብ። ከሦስታችሁ ይበልጥ ነገሩ ልባቸውን የሚነካው እናትሽን ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ወደታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ለዩ። ሳንቶሪኒ ላይ ሰው ወይን ጠጅ ቤት የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ለእይታ ነው። ባሕሩን፣ ገደሉንና የጀምበር መጥለቂያውን እያዩ ብርጭቆ ለመያዝ። ለዚህ የወይን ገበሬዎቹ ማኅበር የሆነው ሳንቶ ዋይንስ ፒርጎስ መንደር አጠገብ አለ፣ እይታው በእውነት ልዩ ነው። ሌላው ወይኑ እንዴት እንደሚኖር ለማየት ነው። እኔ የምመክርሽ ሁለተኛውን ነው። ጀምበሯን ከመንደር ደረጃ ላይ ሆናችሁ በነፃ ታዩዋታላችሁ። የወይን እርሻውን ግን የሚያሳያችሁ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሰዓት ስትይዢ በመጀመሪያ የምትጠይቂው «እርሻውን ታሳዩናላችሁ ወይ?» የሚለውን ይሁን። መልሱ አዎ ካልሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ። አንድ ትልቅ ቦታ እንግዶች ይዤ ሄጄ፣ በአውቶቡስ የመጣ ሕዝብ መሀል ቆመን አራት ብርጭቆ በጥድፊያ ቀምሰን ወጣን። አንድ የወይን ቅጠል እንኳ አላየንም። ለዚህ ሲባል ደሴት ድረስ አይኬድም።

እርሻው ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል መሰለሽ? በመኪና ስታልፊ የወይን እርሻ አይመስልሽም። አመድማ ባዶ መሬት ላይ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ቁጥቋጦ ተበታትኖ ታያለሽ። ወረድ ብለሽ ስትጠጊ ነው ነገሩ የሚገለጥልሽ። ሐረጉ በእንጨት ላይ አልተሰቀለም። በየዓመቱ ሲገረዝ ቅርንጫፉን እየጠመዘዙ መሬት ላይ ክብ ቅርጫት አድርገው ይሠሩታል። ኩሉራ ይሉታል። ዘለላው ከቅርጫቱ ውስጥ ነው የሚያድገው። በበጋ ሜልቴሚ የሚባል ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ አለ፤ ወይኑ ቀና ብሎ ቢቆም አሸዋና አመድ ያነሳበትና ፍሬውን ይገርፈዋል። ፀሐዩም እንደዚያው ነው፣ ቅጠሉ ጥላ ካልሆነለት ፍሬውን ያቃጥለዋል።

ዝናብ ደግሞ በበጋ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ውኃ ከየት ይመጣል? አንድ ትንሽ ቤት ያስጎበኙን ሰውዬ በጠዋት ይዘውን ወጥተው ተንበረከኩና አፈሩን በእጃቸው ጫር አደረጉልን። ከላይ ደርቋል፣ ከስር ርጥበት አለው። ሌሊት ከባሕር የሚነሳውን ጤዛና ጭጋግ፣ በእሳተ ገሞራ የተተፋው ቀላል ቀዳዳማ ድንጋይ መጥጦ ይይዘዋል። ወይኑ የሚኖረው በዚያች ነው። ደሴቲቱን ዛሬ ያለችበትን መልክ የሰጣት ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳው ታላቁ እሳተ ገሞራ ነው። ያ አገር ያጠፋ አመድ ዛሬ ወይኑን ያኖረዋል።

ሌላም ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚበላ ጥቃቅን ተባይ የአውሮፓን የወይን እርሻ አውድሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የአውሮፓ ወይን የሚተከለው ከአሜሪካ በመጣ ሥር ላይ ተዳቅሎ ነው። ያ ተባይ በሳንቶሪኒ አፈር ውስጥ መኖር አይችልም፤ አመድና አሸዋ ስለሆነ፣ ሸክላ የሚባል የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወይኑ በራሱ ሥር ነው የቆመው። ከላይ ያለው ሲያረጅና ፍሬው ሲያንስ ግንዱን ቆርጠው ከዚያው ሥር አዲስ ያበቅላሉ። ግንዱ ወጣት መስሎ፣ ሥሩ የቅድመ አያት ዘመን ሊሆን ይችላል። አስጎብኚሽ ከቤተሰቡ የሆነ እንደሆነ ይህንን በራሱ ዘር እየቆጠረ ይነግርሻል። ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ዘቢብ እንደሚዘጋጅ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ሳንቶሪኒ ላይ ቪንሳንቶ የሚባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ የሚሠራው ፀሐይ ላይ ከደረቀ ወይን ነው። አሲርቲኮ የተባለው ዋናው የደሴቲቱ ነጭ ወይን አይዳኒና አቲሪ ከተባሉት ሌሎች የወይን ዝርያዎች ጋር ተለቅሞ መሬት ላይ ይሰጣል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት። ከደረቀ በኋላ ተጨምቆ ይፈላና ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። ይህ ወይን ጠጅ በድሮ ጊዜ በመርከብ ወደ ሩሲያ ይሄድ ነበር፣ የዚያ አገር ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ለቁርባን ይጠቀሙበት ነበርና። የኛ ዘቢብ እንደሱ በርሜል ውስጥ ዓመታት እንደማይቆይ የታወቀ ነው። ቢሆንም እናትሽ የተሰጣውን ወይን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያቅተኝም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ይዤ ሄጄ፣ ብርጭቆ ሳይነኩ ያን ሁሉ ሰዓት ጥያቄ ሲጠይቁ ነው የዋሉት። ለቀማው ብዙ ጊዜ ኦገስት ላይ ነው፣ መስጫው ከዚያ ይከተላል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ላይ ከሄዳችሁ ስጡን የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ምግቡስ? ግሪኮች የእመቤታችንን ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ፣ 15 በዓላቸው ነው። የኛ ፍልሰታ ኦገስት 7 ገብቶ 22 ይፈታል። ስለዚህ በመሀሉ ባሉት ቀናት አብራችሁ ነው የምትጾሙት። «ኒስቲሲሞ» ብለሽ ጠይቂ፣ የጾም ማለት ነው፣ ማንም ይገባዋል። ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ በነሱ ጾም ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ዛጎል ይበላል። እናትሽ ይህንንም የማይበሉ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። ከቅምሻው ጋር በሰሌዳ የሚቀርበው ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አይብና ሥጋ ነው፣ ለእሳቸው ፋቫ እንዲያመጡላቸው ጠይቂ። ቢጫ ክክ ተቀቅሎ፣ ልሞ፣ በወይራ ዘይትና በሽንኩርት የሚቀርብ ነው። የሳንቶሪኒ ፋቫ የሚሠራበት እህል የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው። እናትሽ ይህን ሰምተው እንዳይደነግጡ፤ የጓያ ጉዳት የሚመጣው ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት እሱኑ ብቻ ሲበሉ ነው። የደሴቲቱ ትንንሽ ቲማቲምና ኬፐር የሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠልም አለ፣ ሁለቱም ይጣፍጣሉ።

የትኛው ቤት ለሚለው፦ አርጊሮስ ከ1903 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ያለ ነው፣ ኤፒስኮፒ ጎንያ ውስጥ። ጋቫላስ ሜጋሎሆሪ መንደር ነው፣ እሱም ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣ። ለእናትሽ ብዬ የማስበው ግን ቮቶናስ መንደር ያለውን የኩትሶያኖፑሎስ ቤተሰብ የወይን ሙዚየም ነው። ከመሬት በታች ስምንት ሜትር ገደማ ላይ የተቆፈረ ረጅም ዋሻ ነው። የድሮ መጭመቂያው፣ በርሜሉ፣ የገበሬው ኑሮ ሁሉ በምስል ተቀምጧል። ለማይጠጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ስለ ደረጃው ቀድመሽ ጠይቂ። ሙዚየሙንና አንድ ትንሽ ቤት በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አታብዙ።

ትንንሾቹ ቤቶች ያለ ቀጠሮ አይቀበሉም። ለቀማ ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ጎህ ሲቀድ እርሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ጻፊላቸው፣ ረፋዱ ላይ ያለውን ሰዓት ያዢ። በደረሳችሁበት ቀን ግን አትቅጠሪ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ፈጣኑ መርከብ አምስት ሰዓት፣ ተራው ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ይዘገያል። በ15ኛው በዓል ሰሞን መርከቡ ጢም ይላል፣ ትኬቱን አሁኑኑ ቁረጪ።

መኪና ልትከራዩ ካሰባችሁ የሚነዳው ሰው አይቅመስ። በግሪክ ሕግ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ለሞተር ሳይክልና ለአዲስ መንጃ ፈቃድ 0.2 ነው። መንገዱም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። የሕዝብ አውቶቡስ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፊራ ይነሳል። የካማሪው በቮቶናስ፣ የፔሪሳው በሜጋሎሆሪ በኩል ያልፋል። ታክሲ ጥቂት ነው፣ በዚያ ላይ አትተማመኑ።

ቅምሻው ላይ፣ ባለቤትሽ በአክሱሚት ጣፋጭነት የለመደ ከሆነ አሲርቲኮ መጀመሪያ ያስደነግጠዋል። ደረቅ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ መጨረሻው ላይ የጨው ስሜት አለው። በአንድ ጉንጭ አትፍረዱበት፣ ፋቫ ወይም ዓሣ ቀመስ አድርጋችሁ ድገሙት። ከዚያ በርሜል ያየው ነጩ ኒክቴሪ ይመጣል፣ ቀዩ ማቭሮትራጋኖ ካለ እሱን ጠይቁ፣ ቪንሳንቶ መጨረሻ። የመትፊያ ዕቃ ይቀመጥላችኋል፤ መትፋት ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ነው።

ከቻላችሁ ከዚያው ከቤቱ አንድ ጠርሙስ ግዙ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ሆቴልና ቪላ በየዓመቱ ከወይን እርሻው መሬት እየቆረሰ ነው። ያ አፈሩን ጫር አድርገው ያሳዩን ሰው የጎረቤታቸው እርሻ የነበረበትን ቦታ በእጃቸው ጠቆሙን፣ አሁን የመዋኛ ገንዳ ነው። ወይኑ በሄክታር የሚሰጠው ምርት ትንሽ ነው፣ ሥራው ሁሉ በእጅ ነው፣ መሬቱን መሸጥ ይቀላል። እርሻውን ይዘው የቆዩት ወይኑን በደህና ዋጋ የሚገዛቸው ሰው ሲያገኙ ነው የሚዘልቁት።

ቪንሳንቶ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው የሚሸጠው፣ ውድ ነው። በአውሮፕላን ከተመለሳችሁ በልብስ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት፣ በእጅ ቦርሳ አያሳልፏችሁም። ለእናትሽ ደግሞ ደረቁን ፋቫ በከረጢት ግዢላቸው። ከረጢቱ ላይ ሳንቶሪኒ የሚለውንና የአውሮፓ ኅብረትን የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ቀይና ቢጫ ክብ ምልክት እይ፤ ያ ከሌለው ከሌላ ቦታ የመጣ ክክ ሊሆን ይችላል።