ኮርድ ሲቀየር የሚደናገረው አውራ ጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው በሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። አኮስቲክ ጊታር ከገዛሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ፒኩን (የክር መምቻዋን) ትቼ በጣቶቼ መጫወት ጀምሬአለሁ። ከቪዲዮ ያገኘሁትን አንድ አደራደር ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምሬ እየቆጠርሁ «አምስተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሁለተኛ ክር» እያልሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሲ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ላይ እስካለሁ ድረስ ያምርልኛል፤ ወደ ጂ ስሻገር ግን አውራ ጣቴ ይደናገራል፣ መዝፈን ስጀምርማ ሁሉም ይፈርሳል። አንድ ወዳጄ ትንሿን ጣትህን በጊታሩ ፊት ላይ አስደግፋት ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ እንዳታደርገው ይላል። የአገራችንን ችክችካ በዚሁ አደራደር ስሞክረውም አይገጥምልኝም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጥፋቱ የአውራ ጣትዎ ሳይሆን አደራደሩን በቃልዎ የያዙበት መንገድ ይመስለኛል። «አምስት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት» ብለው ሲያጠኑት አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ አድርገውታል። ቁጥሮቹ የሚያገለግሉት መሠረታዊ ድምፁ (ኮርዱ የተሰየመበት ድምፅ) አምስተኛው ክር ላይ ለሆነ ኮርድ ብቻ ስለሆነ፣ ጂ ሲመጣና መሠረቱ ወደ ስድስተኛው ክር ሲወርድ የሰልፉ መሪ ይጠፋል፤ መሪው ሲጠፋ ተከታዮቹም ይበተናሉ። በዚህ አጨዋወት አውራ ጣት የቤዙንም (የወፍራሙን ድምፅ) የከበሮውንም ሥራ ደርቦ የያዘ ስለሆነ፣ መማር ያለበት ብቻውንና ከሁሉም ቀድሞ ነው።

ጊታረኞች ይህን ስልት ትራቪስ ፒኪንግ የሚሉት የአሜሪካዋ ኬንታኪ ተወላጅ በነበረው በሜርል ትራቪስ (1917–1983 እ.ኤ.አ.) ስም ነው። ትራቪስ በአብዛኛው የሚጫወተው በአውራና በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር። የኮንጎው ጊታረኛ ዣን ቦስኮ ምዌንዳም፣ የአፍሪካን ሙዚቃ እየዞረ ይቀርጽ የነበረው ሂው ትሬሲ በ1952 እ.ኤ.አ. ሲቀርጸው፣ ሁለት ጊታሮች የሚመስል ጨዋታ ያወጣው በእነዚሁ ሁለት ጣቶች ነበር። ይህን የማነሣው ወሬ ለማብዛት አይደለም፤ ጣት በማብዛት የሚፈታ ችግር እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሎቹን ጣቶች ያሳርፉ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉና በእያንዳንዱ ምት በአውራ ጣት ብቻ አንድ ክር ይምቱ። በሲ ኮርድ ላይ አምስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እንደገና አምስተኛውን፣ አራተኛውን፤ በጂ ላይ ስድስተኛውንና አራተኛውን በመፈራረቅ፤ በኤ ማይነር እንደ ሲ፣ በኢ ማይነር እንደ ጂ ይሂዱ። በዲ ላይ መሠረቱ አራተኛው ክር ስለሆነ አራተኛውንና አምስተኛውን ማፈራረቅ ይበቃል። ከዚያ በየአራት ምቱ ኮርድ ይቀይሩ። ግራ እጅዎ ቢዘገይ እንኳ አውራ ጣት መቆም የለበትም፤ የተበላሸ ድምፅ በሰዓቱ ቢወጣ የጠራ ድምፅ ዘግይቶ ከሚመጣ ይሻላል። ብዙ ተማሪዎች ግን ከዚህ በተቃራኒ ኮርዱ እስኪያዝ ድረስ ምቱን ያስቆሙታል፤ የእርስዎም መደናገር ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

አውራ ጣት ራሱን ችሏል የሚባለው መቼ ነው? ባለፈው ዓመት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አንድ ወጣት ሳለማምድ፣ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ቀርባ «ስኳር ላድርግበት?» ብላ ጠየቀችው። ቀና ብሎ «አዎ» ሊላት ሲል አውራ ጣቱ ቀጥ አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ስትጠይቀው «ግማሽ ማንኪያ ብቻ፣ እህቴ» አላት፤ አምስተኛውና አራተኛው ክር ግን አንድም ምት ሳይስቱ መፈራረቃቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ ሌላ ፈተና አልሰጥም። መዝፈን ለሻይ ከመመለስ ይከብዳልና፣ ይህን ሳያልፉ መዝፈን መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ይህ ሲሳካ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጨምሩ። መጀመሪያ በአንደኛው ምት ላይ አውራ ጣትና መሃል ጣት አብረው ይምቱ፤ መሃል ጣት ሁለተኛውን ክር ይያዝ። ቀጥሎ ሌባ ጣት በሁለተኛውና በሦስተኛው ምት መካከል ሦስተኛውን ክር ይጨምር። በምቶቹ መካከል የሚገቡት ድምፆች ጨዋታውን ያጣፍጡታል፤ ምቱ ራሱ ግን ምንጊዜም የአውራ ጣት ነው። ሲ ላይ ቤዙን ማስፋት ሲፈልጉ የቀለበት ጣትዎን ከአምስተኛው ክር ወደ ስድስተኛው፣ እዚያው ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አዛውረው አምስት፣ አራት፣ ስድስት፣ አራት ማድረግ ይችላሉ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ይቅርብዎ።

ስለ እጅ አቀማመጥም ልጨምር። ጊታሩን ይዘው ቀኝ እጅዎን ቁልቁል ሲያዩት፣ የአውራ ጣት ጫፍ ከሌባ ጣት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ጊታሩ አንገት ቀድሞ መታየት አለበት። ወደ መዳፍ ውስጥ ከተጠቀለለ ከሌባ ጣት ጋር ይጋጫል፤ እኔ ራሴ በዚህ ሁለት ዓመት አጥፍቼ፣ ለማረም ሌላ አንድ ዓመት ወስዶብኛል። እንቅስቃሴው የሚነሣው ከእጅ አንጓ አጠገብ ካለው የጣቱ ሥር እንጂ ከጫፉ መገጣጠሚያ አይደለም። ትንሿን ጣት ማስደገፍን በተመለከተ ሁለቱም ወዳጆችዎ ከየመንገዳቸው ተነሥተው ነው የሚናገሩት፤ የክላሲክ ጊታር አስተማሪዎች አይፈቅዱትም፣ ከትራቪስ ወገን የሆኑት ግን ብዙዎቹ ያስደግፋሉ። እጅዎን ካላደነደነው እኔ አልቃወመውም።

ወደ ችክችካው ልምጣ። እስካሁን ያልነው ሁሉ በአራት ምት የሚሄድ ነው፤ ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት የሚከፈል ስለሆነ፣ የአራቱን ልብስ ለስድስቱ ማልበስ አይቻልም። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት» እያሉ ይቁጠሩና አውራ ጣትን በአንድና በአራት ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ በአንድ ላይ መሠረቱን፣ በአራት ላይ ሌላውን የቤዝ ክር። በሁለትና በሦስት፣ እንደዚሁም በአምስትና በስድስት ላይ ሌባና መሃል ጣት ይግቡ። የመዳፍዎን ጠርዝ በድልድዩ (ክሮቹ በጊታሩ ሆድ ላይ በሚታሰሩበት) ላይ በስሱ አሳርፈው ሦስቱን ወፍራም ክሮች ቢያፍኗቸው አውራ ጣቱ ከበሮ ከበሮ ይላል። በሲና በኤ ማይነር መካከል እየተመላለሱ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የሚሉትን የትዝታ ድምፆች በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ይፈልጉ፤ ዜማው ሳይጠሩት ይመጣል።

ጥያቄ፦ እኔም የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። የአውራ ጣቴን ጥፍር ላሳድግ ወይስ በጣት የሚጠለቀውን ፒክ ልግዛ?

መልስ፦ ጊታርዎ የናይለን ክር ያለው ከሆነ ጥፍርና ሥጋ አንድ ላይ የሚያወጡት ድምፅ ይበቃዎታል፤ ጥፍሩ ከጣትዎ ጫፍ በጥቂቱ ብቻ ይለፍ፣ ጠርዙንም በሞረድ ያለስልሱት። የብረት ክር ግን ጥፍርን ይበላል፤ ለእሱ የሚጠለቀው ፒክ ይሻላል። ሲገዙ ጣትዎ ላይ አጥልቀው ይሞክሩት፤ ከጠበበ ያደነዝዛል፣ ከሰፋ ደግሞ በጨዋታ መሃል ይሽከረከራል።