«ክፍል መግባት አስጠላኝ» ላለችው የሒሳብ መምህርት

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምሪያለሽ። አምስት ሴክሽን ይዘሻል፤ በየክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ስትጀምሪ የነበረሽ ጉጉት ጠፍቷል። «ባንክ ልግባ ወይስ ልታገስ? ደስታውስ ይመለሳል ወይ?» ብለሻል።

መጀመሪያ የደመወዙን ነገር እንጨርሰው። የቤት ኪራይ በሙያ ፍቅር አይከፈልም። ገንዘቡ ካልበቃሽ ሌላ ቦታ ማመልከት ነውር የለውም። «መምህር እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ያበራል» የሚሉትን ነገር እኔ በበኩሌ አልወደውም። የቀለጠ ሻማ ለከሰዓት ፈረቃ አይተርፍም።

ግን ከደመወዙ ይልቅ አብዝተሽ የጻፍሽው ስለ ውጤት ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቺም በዚህ ቁጥር ራስሽን ትወቅሻለሽ። ተዪው። ልጆቹ እጅሽ የገቡት ስምንት ክፍል አልፈው ነው፤ ክፍተቱን ይዘውት መጥተዋል። ደግሞ ያ ፈተና ገና ዓመታት ይቀሩታል። የዛሬው ፔሬድ እንዴት እንደሄደ አይነግርሽም።

የመምህር ደስታ ልጅ ሲገባው ማየት ነው። አንቺ ደግሞ ማየት አልቻልሽም። «ገባችሁ?» ስትዪ 60ውም «አዎ!» ይላሉ። ከዚህ ምን ይገኛል?

ስለዚህ በአንዱ ሴክሽን ብቻ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያዢ። ሩብ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ። ማርክ የለውም በያቸው፤ ኩረጃው ይቀንሳል (ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ልማድ ነው)። ለምሳሌ «ኤክስ ሲደመር 3፣ ቅንፉ በሙሉ ስኩዌር ሲሆን ስንት ነው?» ብዙዎቹ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9» ብለው ይጽፋሉ። በማግስቱ በኤክስ ቦታ 4 እንዲያስገቡ አድርጊ። ጥያቄው 49 ይሰጣል፣ የእነሱ መልስ 25። ከዚያ ዝም በይ። ይከራከሩ። ስህተቱን «ሰነፎች ናቸው» ብለሽ ካለፍሽው ያበሳጭሻል። ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ማደን ስትጀምሪ ግን፣ እመኚኝ፣ ሱስ ይሆናል።

ወረቀቱን አታርሚው። የገባቸው፣ የተምታታባቸው፣ ባዶ የሰጡ ብለሽ ሦስት ቦታ ክመሪው፤ ይበቃል። የደብተር እርማቱንም በዙር አድርጊው። ከ300 በላይ ደብተር በየሳምንቱ አርማለሁ ማለት ራስን መቅጣት ነው።

የስታፍ ወሬ ብሶት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሻይሽን ጠጥተሽ ውጪ። ክፍሏ የሚወደድላት አንዲት ባልደረባ አትጠፋም። አስፈቅደሻት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ። ለዚህ ፎርም መሙላት አያስፈልግም።

አንድ ሴሚስተር ሞክሪው። እስከዚያ ለባንኩም ማመልከት ትችያለሽ፣ ሁለቱ አይጋጩም። ወረቀቶቹን ስታገላብጪ ምንም ካልተሰማሽ፣ ወይም ልጆቹ ራሳቸው ካስጠሉሽ፣ ያለ ጸጸት ልቀቂ። ከተቻለሽ ግን ክረምት ላይ ይሁን፤ በዓመቱ መሃል አምስት ሴክሽን ያለ ሒሳብ መምህር እንዳይቀር። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽንም ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።