የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደጋ ላይ ‹‹ከነመሬቱ የሚሸጥ›› ራንች

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የጤና ባለሙያ ስሆን የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ታናሽ ወንድሜ ኮሎራዶ፣ አሜሪካ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዜግነቱንም ለውጧል። በዚያ ተራራማ አገር ከብት የሚረባበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ዓሣ የሚጠመድበትና እንግዳ የሚያድርበት ሰፊ ራንች ለሽያጭ ሲወጣ በየጊዜው ያያል፤ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር በመሆኑም ‹‹እንዲህ ያለውን በእኛው ደጋ ላይ ብንይዝስ?›› ማለት ጀምሯል። ባለፈው ወር አንድ ደላላ ከከተማችን በስተምዕራብ ባለ የደጋ ወረዳ 180 ሄክታር ግጦሽ፣ 300 ከብት የሚይዝ በረት፣ የፈረስ ጋጣና ስምንት የእንግዳ ጎጆዎች ያሉት ራንች ‹‹ከነመሬቱ ይሸጣል›› ብሎ መጣ። ካርታውን እንዲያሳየን ስንጠይቀው ‹‹አብሽሩ፣ ሁሉም አለ›› ከማለት በቀር ያሳየን ነገር የለም፤ ቀብድ እንድንሰጥ ግን በየቀኑ ይወተውተናል። እንዲህ ያለ ራንች በእርግጥ መግዛት ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ ምን ምን ማየት አለብን?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ቀብዱን አይክፈሉ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ደንብ የሚሠራው ግን ውሉ በሕግ ፊት የሚጸና ሲሆን ነው። የውሉ ጉዳይ ሕግ የከለከለው ነገር ከሆነ ውሉ ፈራሽ ስለሆነ፣ እጥፉ ቀርቶ የሰጡትን ለማስመለስ እንኳ ደላላውን ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ሲፈልጉ መክረምዎ ነው።

‹‹ከነመሬቱ›› የሚለው ቃል ሕግ የከለከለው ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው በአዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲሆን፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የጋራ ንብረት መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ ሻጩ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ የያዘውም ወረቀት የቱንም ያህል ማኅተም ቢበዛበት፣ 180 ሄክታሩን ለእርስዎ ሊሸጥልዎ አይችልም። ደላሎች ይህን አያውቁም ብለን አናስብም፤ ቃሉን የሚጠቀሙበት ዋጋውን ስለሚሰቅልላቸው ነው።

ይህ ሲባል ግን የሚሸጥ ነገር የለም ማለት አይደለም። ያው አንቀጽ 40 ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ መሸጥም፣ ማውረስም ይችላል። እንግዲህ ከሻጩ ሊገዙ የሚችሉት ጎጆዎቹን፣ በረቱን፣ አጥሩን፣ የድርቆሽ መጋዘኑን፣ የተተከለውን ዛፍ፣ ከብቱንና ፈረሱን ነው። መሬቱን በተመለከተ ሊተላለፍ የሚችለው ከመንግሥት ጋር የተገባው የኪራይ ውል ሲሆን፣ ለዚህም ያከራየው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። በመሆኑም የመጀመሪያ ጥያቄዎ ‹‹ስንት ሄክታር ነው?›› ከመሆኑ በፊት ‹‹ከውሉ ስንት ዓመት ቀርቷል?›› መሆን አለበት። የሃያ አምስት ዓመት ውል ገብቶ አሥራ ሰባቱን የጨረሰ ሰው የሚያስተላልፍልዎ ስምንት ዓመት ነው፤ የአገራችን ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትወልድ ብቻ አራት ዓመት ገደማ እንደሚፈጅባት ሲያስቡ ስምንት ዓመት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይታይዎታል። ውሉ ውስጥ የተጻፈውን የልማት ግዴታም ቃል በቃል ያንብቡ፤ ሻጩ ያልፈጸመው ግዴታ ውሉን ሊያሰርዝ ይችላልና።

ወንድምዎ ዜግነታቸውን መለወጣቸው ብቻውን መንገዱን አይዘጋባቸውም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሰጠው መብት መሠረት፣ ብዙዎች ቢጫ ካርድ የሚሉትን መታወቂያ ከያዙ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊሠሩ ይችላሉ።

ኮሎራዶ ያዩትን ማስታወቂያ ደግሞ ወንድምዎ ደግመው እንዲያነቡት እንመክራለን። እዚያ መሬት በእርግጥ ይሸጣል፤ ሆኖም በምዕራብ አሜሪካ ትልልቅ ራንቾች ብዙውን ጊዜ የሚሰማሩት በከፊል በግል መሬት፣ በከፊል ደግሞ በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ነው። በመንግሥቱ መሬት ላይ ያለው የግጦሽ ፈቃድ በአብዛኛው ለ10 ዓመት የሚሰጥና የሚታደስ እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ ክፍያውም ላም ከነጥጃዋ ለምትግጥበት ለእያንዳንዱ ወር የሚታሰብ ሲሆን በ2024 እ.ኤ.አ. 1.35 ዶላር ነበር። በ1916 እ.ኤ.አ. በወጣው የከብት አርቢዎች ሕግ ለሰፋሪዎች 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ገደማ ሲታደል፣ ከመሬቱ ሥር ያለውን ማዕድን መንግሥት ለራሱ አስቀርቷል። ውሃውም ቢሆን ቀድሞ ለተጠቀመ ሰው ቅድሚያ በሚሰጥ ሥርዓት የሚመራ ስለሆነ፣ ወንዝ በመሬትዎ ላይ ስላለፈ ብቻ የእርስዎ አይሆንም። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሄክታርና የሚገዛው መብት እዚያም ቢሆን አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ፤ በእኛ ግምት ከሕጉ ይልቅ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ደላላው 300 ከብት ይይዛል ያለው በረቱን ይሆናል፤ ግጦሹ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ የአገር ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በዓመት 22.8 ኩንታል ማለት ነው። አንዱ ሄክታር በዓመት 30 ኩንታል ደረቅ ሣር ይሰጣል ብንልና ሣሩ እንዳይራቆት ግማሹን ብቻ እናስግጥ ብንል፣ 180 ሄክታር 2,700 ኩንታል ይሰጣል፤ ይህም 118 ከብት ገደማ ይመግባል። ለ300 ከብት 6,840 ኩንታል ያስፈልጋልና 4,140 ኩንታል ድርቆሽ፣ ጭድና ፋጉሎ ከውጭ ገዝተው ተራራ ላይ ማስወጣት ሊኖርብዎ ነው። ከ180 ሄክታሩ ድንጋያማው፣ ገደሉና ቦረቦሩ ሲቀነስ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። እነዚህ የሄክታር ምርት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የወሰድናቸው ስለሆኑ፣ እርስዎ በቦታው ላይ ከተለያየ ሥፍራ አንድ አንድ ካሬ ሜትር ሣር አሳጭደው፣ አድርቀውና መዝነው የራስዎን ቁጥር ያውጡ።

ይህንንም የሚያደርጉት በመስከረም ወይም በጥቅምት ብቻ ከሆነ ይሳሳታሉ። የወሎ ደጋ በመስከረም ሁሉንም ያታልላል፤ መስኩ ለምልሞ፣ አደይ አበባው ፈክቶ፣ ምንጩ እየፈሰሰ ገደል ሳይቀር ግጦሽ ይመስላል። ቦታውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጩ ሣሩን ካጠወለገው በኋላ፣ ከዚያም በልጉ ከመጣሉ በፊት ሌላ ጊዜ ይዩት። በልግ የሚቀርበት ዓመት እንዳለ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚዘልቀው፣ የውርጭ አየር ጠባይ ባለው ሥፍራ ደግሞ ገበሬው ራሱ ከላም ይልቅ በግ የሚያበዛው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ እርሱን ሳይጠይቁ 300 ላም ማቀድ ድፍረት ነው።

ከብቱን ከየት ያመጣሉ የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የባቲ የሰኞ ገበያ የቆላ ከብት በብዛት የሚገኝበት ቢሆንም፣ ሙቀት የለመደን እንስሳ በአንድ ቀን ጭኖ ደጋ ላይ ማውጣት ለብርድና ለሳንባ ሕመም ማጋለጥ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ አርቢዎች በሚገባ የሚያውቁት አንድ የከፍታ በሽታ አለ፤ ኦክስጅን ሲሳሳ የሳንባው የደም ሥሮች ይጠብቡና የልብ ቀኝ ክፍል ይደክማል፣ ፈርምባውም ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ስለዚህ እዚያ አርቢዎች ለከፍታ የተመረጠ ዘር ይፈልጋሉ፤ እርስዎም እናት ላሞቹን እዚያው ደጋ ላይ ከተወለዱት ቢመርጡ ይሻላል። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚከተቡ በሽታዎች ስለሆኑ የክትባቱን መዝገብ ይጠይቁ። መስኩ ውሃ የሚተኛበት ጨፌ ከሆነ ደግሞ የጉበት ትል የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በዚያ ስለሚራባ፣ ያ ለምለም ክፍል ለዓይን እንጂ ለበግ አይመችም።

መዝናኛውን በሚመለከት አስተያየታችን ቀዝቀዝ ያለ ነው። ወሎ የሚታይ ነገር አላጣም፤ ግሸን፣ መቅደላ፣ ሐይቅ፣ የቦረና ሳይንት ደጋ ከነጭላዳውና ከነቀይ ቀበሮው አሉ። ይሁን እንጂ እንግዳ የሚመጣው መንገዱ ሲያስገባና ሰላም ሲሆን ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የብዙ ድርጅቶች ንብረት እንደወደመም አይዘነጋም። ስለዚህ ስምንቱን ጎጆዎች በወረቀት ላይ ባለው ዝርዝር አይቁጠሩ፤ በር ከፍተው፣ ቧንቧ አፍስሰው፣ ጣሪያ አንኳኩተው ይቁጠሩ። ገቢውንም የዓመቱ አልጋ ሁሉ ይያዛል ብለው ሳይሆን ከብቱ ብቻውን ራሱን ይችላል ወይ በሚለው ያስሉት። በመቄት አምባዎች ላይ የአካባቢው ኅብረተሰብ ራሱ የሚያስተዳድራቸው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተው ነበር፤ ከመወሰንዎ በፊት ወጣ ብሎ ከዚያ ሰዎች ጋር መነጋገር ከማንኛውም የአዋጭነት ጥናት የበለጠ ያስተምርዎታል ብለን እናምናለን።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የኪራይ ውሉንና ካርታውን ከዋናው መዝገብ ጋር ያስተያዩ፤ ኪራዩ እስከ ዛሬ ተከፍሎ እንደሆነም ደረሰኝ ይጠይቁ። ንብረቱ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ሥር አለመሆኑን ያረጋግጡ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 ይጠይቃል፤ ቡና ቤት ውስጥ በሦስት ምስክሮች የተፈረመ ወረቀት ይህን አይተካም። ባለንብረቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነና አክሲዮኑን ግዙ ከተባላችሁ፣ ማኅበሩ ያለበት የግብርና የደመወዝ ዕዳ አብሮ ስለሚመጣ ያለ ሒሳብ አዋቂና ያለ ጠበቃ አይግቡበት። ሻጩን ያለ ደላላ አንድ ቀን በቦታው ላይ ያግኙት፤ የማይገኝ ከሆነ ያው መልስ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምጽፍላችሁ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ካለ ቀበሌ ነው። መንደራችን አጠገብ ያለው የከብት እርባታ ድርጅት ሊሸጥ ነው እየተባለ ነው። በአጥሩ ውስጥ ከብቶቻችን ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ የሚጠጡበት ምንጭ አለ፤ የአሁኑ ባለቤት በበጋ በር ይከፍትልናል። አዲሱ ገዥ ‹‹ገዝቼዋለሁ›› ብሎ ቢዘጋብንስ?
መምህር፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ምንጩ ከሚሸጡት ንብረቶች ውስጥ አይገባም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን የውሃ ሀብት የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ አለው፤ በባህላዊ መንገድ ለሚረቡ እንስሳት የሚውል ውሃ ደግሞ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሆኖም በመልካም ፈቃድ የሚከፈት በር በሰው መለወጥ ይዘጋል። ስለዚህ ሽያጩ ሳይፈጸም የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና የአገር ሽማግሌዎችን ይዛችሁ፣ ከብቱ የሚያልፍበትን መንገድ ስፋት፣ የሚጠጣበትን ወራትና ሰዓት በጽሑፍ አስፍሩ፤ የአሁኑ ባለቤት ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂም ከኪራይ ውሉ ጋር እንዲያያዝ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ከላይ የጻፉልን የደሴው አንባቢም ሆኑ ሌላ ገዥ ለማየት ሲመጡ በሩን ዘግታችሁ አትቀበሏቸው፤ ምንጩን ራሳችሁ አሳዩአቸው።