«ለምን አልጮኽሽም?» ብላችሁ አትጠይቁ

በጦርነት የተደፈሩ ሰዎችን ጉዳይ ለመያዝ ለተነሣችሁ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፤

ብዙዎቻችሁ «ሕጉ የት አለ?» ትሉኛላችሁ። ሕጉስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 27 ሴቶች ከመደፈር እንዲጠበቁ ያዛል። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የ1998ቱ የሮም ስምምነት ደግሞ አስገድዶ መድፈርን፣ ወሲባዊ ባርነትንና በግዳጅ ማስረገዝን ስም በስም ጠርቶ የጦር ወንጀልም፣ በሰብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልም አድርጓቸዋል። ለተደፈሩ ወንዶችም ይሠራል። ብዙ ጊዜ መዝገቡን የሚያበላሸው እኛ ተጎጂዋ ፊት ተቀምጠን የምንጠይቀውና የምንጽፈው ነገር ነው።

የ1994ቱን የሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ለመዳኘት የተባበሩት መንግሥታት ታንዛኒያ ውስጥ በአሩሻ የሰየመው ችሎት የፈረደበትን የአካዬሱን መዝገብ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ። ዣን ፖል አካዬሱ ታባ የምትባል የሩዋንዳ ወረዳ ከንቲባ ነበር። መጀመሪያ ሲከሰስ በክሱ ላይ ስለ መደፈር አንዲት ቃል አልነበረችም። ማንነቷ እንዳይታወቅ በአንድ የፊደል ስያሜ ብቻ የተጠራች እናት ለምስክርነት ቀርባ የስድስት ዓመት ልጇ በሦስት ታጣቂዎች መደፈሯን ተናገረች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ዳኛ ናቫኔተም ፒላይ ከነበሩባቸው ሦስት ዳኞች ፊት ነበርና ዳኞቹ ሰምተው አላለፉትም፤ ጠየቁ። ሌሎችም መሰከሩ። በ1997 ክሱ ተሻሻለ፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል በዓለም አቀፍ ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈረደ። መርማሪዎቹ ያልጻፉትን ነገር እነዚያ ሴቶች ተናግረው የሚሰማቸው ባያገኙ ኖሮ ይህ ፍርድ አይኖርም ነበር።

ያው ፍርድ ታጣቂ በሞላበት ስፍራ ማስገደድ የግድ በዱላ መታየት እንደሌለበት ይናገራል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደንብም የተጎጂዋን ዝምታ ወይም አለመታገል እንደ ፈቃድ መቁጠርን ይከለክላል። የቀድሞ የወሲብ ሕይወቷ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። «ቃሏን የሚደግፍ ሌላ ምስክር ካልመጣ አንቀበልም» ማለትም አይቻልም። ታዲያ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ? ከሕጉ አይደለም፤ ከሰፈር ወሬ ነው። እናንተ «ከዚያስ ምን ሆነ?» በሉና ጠብቁ። ስታለቅስ ውኃ አቅርቡላት፤ ጥያቄ አትደርቡባት። የተናገረችውን በራሷ አነጋገር ጻፉ እንጂ በክስ ቋንቋ አታስተካክሉት።

ከቃሏ በፊት ግን ሕክምና ይቅደም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከተደፈረች በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እናንተ ቃል ስትቀበሉ ያ ጊዜ ካለፈ የጎዳችኋት እናንተ ናችሁ። ሌላ ተቋም ቃሏን ተቀብሎ ከሆነ እንደገና አታስለፍልፏት። ስሟንና ቃሏን በአንድ ወረቀት ላይ አትጻፉ። ፊቷን በስልካችሁ አታንሡ፤ «ለዓለም እናሰማልሽ» የሚል ሰው ካሜራ ይዞ ሲመጣም በሩን ዝጉበት። ይህን አጥብቄ የምላችሁ ምስሉ አንዴ ከወጣ በኋላ መልሶ የሚሰበስበው ስለሌለ ነው።

የአገራችን ነገር ሸክሙን ያከብድባችኋል። በሰሜኑ ጦርነት ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙን የተባበሩት መንግሥታትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2021 ባወጡት የጋራ ምርመራ መዝግበዋል። ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል ስላልሆነች ጉዳዩ በዋናነት የሚወድቀው በራሳችን ፍርድ ቤቶች ላይ ነው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን መድፈርን ይቀጣል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 በሰብዕና ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ፣ ማለትም ጊዜያቸው አልፏል ተብሎ፣ እንደማይታገዱ ደንግጓል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ክስ ቢመሠረት ዐቃቤ ሕጉ የሚያነበው ዛሬ እናንተ የጻፋችሁትን ነው።

እስከዚያው ተጎጂዋን አትጥፉባት። ጉዳዩ ቢቆምም መቆሙን፣ የቆመበትንም ምክንያት ሄዳችሁ ንገሯት። ቃሌን መልሱልኝ ካለችም ለምን ብላችሁ አትሟገቷት።